ምስጋናው ለማን? ጥያቄውስ ለማን?

በእኛ ቆላ ሁሉም ሰው በየቀኑ የሚጠቀምባቸው ሁለት ቃላት አሉ፤ “መንግሥት” እና “ድርጅት”። መዝገበ ቃላት ብንገልጥ ድርጅት ማለት ለአንድ ሥራ የተቋቋመ ማንኛውም አካል ነው። በአብርሃ ጅራ ገበያ ግን “ድርጅት ገባ” ከተባለ፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ፣ መኪናው ላይ አርማ የለጠፈ፣ ዱቄት ወይም መድኃኒት ወይም ድንኳን ይዞ የመጣ ማለት እንደ ሆነ ሕፃኑም ያውቀዋል። የሁለቱ ቃላት ግስም ይለያያል። ድርጅት “ይሰጣል፣ ያድላል፣ ይረዳል”። መንግሥት ደግሞ “ይሰበስባል፣ ያስከፍላል፣ ስብሰባ ይጠራል”።

ይህ የአነጋገር ልማድ ብቻ አይደለም። ከበስተጀርባው ከባድ ጥያቄ አለ። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች መልካም ሲሠሩ፣ ሕዝብ በመንግሥቱ ላይ ያለው እምነት ምን ይሆናል? ያድጋል ወይስ ይቀንሳል? መቀነሱ ጥፋት፣ ማደጉስ ሁልጊዜ መልካም ነውን? በዚህ ጽሑፍ “እምነት” የሚለውን ቃል ለጌታ እንተወውና፣ ስለ መንግሥትና ስለ ድርጅት ስንነጋገር “አመኔታ” እንበል። ሁለቱን ማደባለቅ ለሁለቱም አይበጅም።

ጥያቄው የምሁራን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከወጣት ኅብረታችን ውስጥ ነገ የመንግሥት ነርስ ወይም መምህር የሚሆን አለ፤ በድርጅት ተቀጥሮ አርማ ያለበትን ሰደርያ የሚለብስም አለ። ከሁሉም የሚበዛው ደግሞ ከሁለቱም አገልግሎት የሚቀበል ነው። ሦስቱም ስለዚህ ነገር የጠራ አሳብ ያስፈልጋቸዋል።

የአብደራፊው ታካሚ

ከከተማችን ብዙ የማይርቀውን አብደራፊን እንውሰድ። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ የሰሊጥ አረም፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ አጨዳው እጅግ ብዙ ወጣቶችን ከደጋው ወደ መተማ፣ ወደ ምዕራብ አርማጭሆና ወደ ሑመራ ያወርዳል። ቀን ፀሐይ ላይ ይውላሉ፤ ሌሊት ግራር ሥር ወይም በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ላይ ያድራሉ። ከትንኝ የምታንሰው የአሸዋ ዝንብም የምትገኘው እዚያው ነው። ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው እርሷ ናት። ምልክቱ ለሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት፣ የሰውነት መመንመንና የጣፊያ ማበጥ ነው። ካልታከመ ከሞት የሚተርፍ ሰው ጥቂት ነው። የተለመደው ሕክምና ሁለት መድኃኒቶችን ለ17 ቀናት በየቀኑ በመርፌ መውሰድን ይጠይቃል። በቀን ሥራ የሚኖር ሰው ይህን ሁሉ ከኪሱ ከፍሎ ይታከም ቢባል ፍርዱ ሞት ነው።

በአብደራፊ ለብዙ ዓመታት ይህን በሽታና የእባብ ንድፊያን በነፃ ሲያክም የኖረው ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ነው። እንግዲህ ከደቡብ ጎንደር ወይም ከጎጃም ለአጨዳ የወረደ አንድ ልጅ ታሞ፣ ተኝቶ፣ ድኖ ሲወጣ አስቡት። “ማን አዳነህ?” ቢሉት “ፈረንጆቹ” ይላል። ውሸት አልተናገረም። ነገር ግን ካከሙት መካከል የሚበዙት ኢትዮጵያውያን ናቸው። ብዙዎቹም በሕዝብ ግብር በሚተዳደሩ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የተማሩ ናቸው። የሕክምናው መመሪያ የጤና ሚኒስቴር ነው፤ የሥራ ፈቃዱም የመንግሥት ነው። ይህን ሁሉ ልጁ አያየውም፤ ስለዚህ አያመሰግንም።

በሌላው ወገን ደግሞ ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች አሉ። በየዓመቱ እንደሚመጣ የሚታወቀው ይህ ሁሉ ሠራተኛ መጠለያ ሳይኖረው ግራር ሥር የሚያድረው ለምንድን ነው? ባለሀብቱ አጎበር እንዲያቀርብ የሚያስገድደው ማን ነው? ልጁ ወደ ቀየው ሲመለስ ቢያገረሽበት የቅርቡ ጤና ጣቢያ በሽታውን ያውቀዋልን? ልጁ ይህንንም አይጠይቅም። ድኗልና። ስለዚህ ምስጋናውም ጥያቄውም ከመንግሥት ደጅ ሳይደርሱ ይቀራሉ። የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብ ይህ ነው፦ ድርጅቶች በአመኔታ ላይ የሚያደርሱት ትልቁ ጉዳት መንግሥትን ማስናቃቸው አይደለም፤ ሕዝቡ መንግሥትን መጠየቅ እንዲረሳ ማድረጋቸው ነው።

ሁለት ቀላል መልሶች

በዚህ ጉዳይ ላይ ሰዎች ሲከራከሩ ሁለት መልሶች ይሰማሉ። የመጀመሪያው “ድርጅት ሲበዛ መንግሥት ይናቃል” የሚል ነው። የሚጠቀሰውም ሀይቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ከውጭ ከገባው እርዳታ በሀይቲ መንግሥት እጅ ያለፈው እጅግ ጥቂቱ ነበር፤ የሚበዛው በውጭ ድርጅቶችና ተቋራጮች በኩል ወጣ። አገሪቱም “የድርጅቶች ሪፐብሊክ” የሚል ስም ወጣላት። የመንግሥት ሠራተኛው የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ ወደ ድርጅት ሲሄድ መሥሪያ ቤቱ ባዶ ይቀራል፤ ባዶ የሆነ መሥሪያ ቤት ደግሞ ይበልጥ ይናቃል።

ሁለተኛው መልስ ተቃራኒ ነው። ኦድሪ ሳክስ የተባሉ የዓለም ባንክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ አገሮች የተሰበሰበ የሕዝብ አስተያየት መርምረው፣ የለጋሾችና የድርጅቶች አገልግሎት ሕዝቡ ለመንግሥት ያለውን ተቀባይነት እንዳልሸረሸረ፣ እንዲያውም ከፍ ሊያደርገው እንደሚችል ጽፈዋል። ጄኒፈር ብራስ የተባሉ ምሁርም እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት የኬንያ ጥናት ወደዚሁ የቀረበ ነገር አሳይተዋል፤ ድርጅቶችና መንግሥት ጎን ለጎን ሲሠሩ ሕዝቡ በመንግሥቱ ላይ ያለው አመለካከት አልተበላሸም። ምክንያቱን ለመገመት አያስቸግርም። ሰው “ጎበዝ አስተዳዳሪ ድርጅት ያመጣል” ብሎ ያስባል። የውኃ ጉድጓዱን የቆፈረው ድርጅት ቢሆንም ሪባኑን የሚቆርጠው አስተዳዳሪው ነው።

እንግዲህ ጥናቶቹ የሚነግሩን፣ ድርጅት ስለ ገባ ብቻ አመኔታ ይወድቃል ማለት እንደማይቻል ነው። ይህ ለብዙዎች እፎይታ ነው። እኔ ግን እዚህ ላይ እንድንቆም አልፈልግም። አመኔታው ከፍ ማለቱ ብቻውን መልካም ነው ያለው ማን ነው?

ሚዛኑ ይፈተሽ

ብሪታንያዊት ፈላስፋ ኦኖራ ኦኒል እ.ኤ.አ. በ2002 በቢቢሲ ሬዲዮ በሰጡት ተከታታይ ትምህርት አንድ ጠቃሚ ልዩነት አስተምረዋል። ጥያቄያችን “አመኔታን እንዴት እንጨምር?” ከሆነ ተሳስተናል፤ ዋናው ነገር ታማኝነት ነው። ታማኝ ያልሆነን ማመን ጥበብ አይደለም፤ ታማኝ የሆነን መጠራጠርም በደል ነው። ሊፈለግ የሚገባው ለሚገባው የሚሰጥ አመኔታ ነው።

ይህን ከሰሊጥ ገበያችን የተሻለ የሚያስረዳ የለም። ገበሬው የዓመት ልፋቱን ጭኖ ወደ ነጋዴው መጋዘን ይመጣል። ሚዛኑ ቢዛባና ገበሬው ግን ሙሉ አመኔታ ቢኖረው፣ አመኔታው ለተንኮለኛው መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። ሚዛኑ ትክክል ሆኖ ገበሬው በጥርጣሬ ሰሊጡን መልሶ ጭኖ ቢሄድም ከስሯል። መፍትሔው ለገበሬው “እመን” ወይም “አትመን” ብሎ መስበክ አይደለም። ሚዛኑ በፊቱ እንዲፈተሽ ማድረግ ነው።

ስለዚህ አንድን ድርጅት “በመንግሥት ላይ ያለውን አመኔታ ጨመርህ ወይስ ቀነስህ?” ብለን መመዘን የለብንም። የተሻለው ጥያቄ “አንተ በመምጣትህ ሕዝቡ ሚዛኑን ማየት ቻለ ወይስ ተጋረደበት?” የሚለው ነው። ማን ምን ሊያደርግ እንደሚገባው፣ ማን እንደ ከፈለ፣ ሲበላሽም ማን እንደሚጠየቅ ለሕዝቡ ግልጽ ሆኖለታል? ይህ ግልጽ ከሆነ አመኔታው ወደሚገባው ቦታ ራሱ ይሄዳል። ካልሆነ ግን ቢጨምርም ቢቀንስም ዕውር ነው።

ፈቃድና ወቅት

መንግሥታችንና ድርጅቶች ለረጅም ጊዜ እርስ በርሳቸው በጥርጣሬ ሲተያዩ ኖረዋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊና ዴሞክራሲያዊ መብት ጉዳዮች እንዳይሠራ ከለከለ። ውጤቱን ልብ በሉ። ድርጅቶች ዱቄትና መድኃኒት ማደል ይችሉ ነበር፤ ተቀባዩ መብቱን እንዲያውቅ ማስተማር ግን ተዘጋ። በሌላ አነጋገር መስጠት ተፈቀደ፤ መጠየቅ ተከለከለ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ያንን ሽሮ ሰፋ ያለ መስክ ከፈተ፤ ለአስተዳደራዊ ወጪም ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ አስቀመጠ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጦርነቱ ወቅት፣ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ኤጀንሲ የድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንን የኔዘርላንድ ክፍልና ሌሎች ሁለት ድርጅቶችን ለሦስት ወር አገደ። የቀረቡት ክሶች የተሳሳተ መረጃ ማሰራጨትን፣ የሥራ ፈቃድ የሌላቸው የውጭ ዜጎችን መቅጠርንና ያለ ፈቃድ የገቡ የሳተላይት መገናኛዎችን የሚመለከቱ ነበሩ። የአማራ ክልል ሥራው፣ የአብደራፊውም ጭምር፣ በዚህ እገዳ ሥር ወደቀ።

በዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ መያዝ አለብን። አንደኛ፣ መንግሥት በግዛቱ የሚሠሩትን የመመዝገብ፣ የመቆጣጠርና ሕግ ሲጣስ የመቅጣት ሥልጣን አለው። መልካም ሥራ ከሕግ በላይ አያደርግም። ይህን የሚክድ ሰው አንድ ቀን መልካም ሥራን መሸፈኛ ያደረገ ክፉ ሲመጣ የሚናገረው ቃል ያጣል። ሁለተኛ፣ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ በእኛ ቆላ ሠራተኛው ሁሉ ሣር ውስጥ የሚውልበት፣ እባብ የሚበዛበት፣ አጨዳው የሚደርስበት ወቅት ነው። እገዳውን የፈረመው እጅና በእባብ የተነደፈው እግር አይተዋወቁም። ሕግ የማስከበር ሥልጣን ያለው አካል፣ በሥልጣኑ ሲጠቀም የሚጎድለውን አገልግሎት የመተካት ዕዳም አለበት። ሥልጣኑን ተቀብሎ ዕዳውን መተው አመኔታን የሚያፈርሰው ከየትኛውም ድርጅት በላይ ነው።

የተቋረጠው ስንዴ

ጥፋቱ ግን በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካው ተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የሚሰጡትን የምግብ እርዳታ አቋረጡ። ምክንያቱ ለተራበው የተላከው እህል በስፋት ወደ ሌላ እጅ እየሄደ መገኘቱ ነበር። እስከዚያ ድረስ ማን ይርዳ፣ ማን አይርዳ የሚለውን ዝርዝር በማዘጋጀትም ሆነ በማከፋፈል የአካባቢ ባለሥልጣናት ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ስርጭቱ እንደገና የተጀመረው በአዲስ የአመዘጋገብና የቁጥጥር ሥርዓት ነው፤ ለስደተኞች በ2016 መጀመሪያ፣ ለሌላው ሕዝብ ከዚያ በኋላ።

ያን ጊዜ ምን ይመስል እንደ ነበር አስታውሱ። በሱዳን ጦርነት የተነሣው በሚያዝያ 2015 ነው፤ መተማ ዮሐንስ ላይ በየቀኑ ድንበሩን የሚሻገር ሰው ነበር። በዚያው ክረምት በመላ አገሪቱ መጋዘን ተዘጋ። እህሉን ያላየው፣ ያልሰረቀው፣ ዝርዝሩን ያልጻፈው ሰው ነው የተራበው።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ስንዴው ሲመጣ “የድርጅት ስንዴ” ነበር፤ ሲከፋፈል “የቀበሌ ስንዴ” ሆነ፤ ሲጠፋ ግን የማንም አልነበረም። ድርጅቱ “እኔ አላከፋፈልሁም” አለ፤ ባለሥልጣኑ “እኔ አላመጣሁም” አለ። ሁለት አካላት ኃላፊነትን ሲካፈሉ ድርሻቸው በግልጽ ካልተጻፈ፣ በሰላሙ ጊዜ ሁለቱም ይመሰገናሉ፤ በክፉ ቀን ሁለቱም ይጠፋሉ። ለአመኔታ ከዚህ የከፋ መርዝ የለም፤ ሰውዬው መንግሥትንም ድርጅትንም፣ ቀስ በቀስም ጎረቤቱን መጠርጠር ይጀምራልና። “ዝርዝሩ ውስጥ እንዴት ገባህ?” የሚል ጥያቄ ወዳጅነት አፍርሷል።

ሌላም ትምህርት በጥር 2017 ዓ.ም. መጣ። አዲሱ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታን ሲያቆም፣ የእኛ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ደመወዛቸው ይከፈል የነበሩ 5,000 ያህል ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ አደረገ። ከእነርሱ ብዙዎቹ በመንግሥት ጤና ተቋም ውስጥ ይሠሩ ስለ ነበር ታካሚው የመንግሥት ሠራተኞች ይመስሉት ነበር። በሩቅ አገር የተፈረመ አንድ ወረቀት እዚህ ያለውን ወንበር ባዶ አደረገው። ሕዝቡ ለጤና ተቋሙ የነበረው አመኔታ በከፊል የብድር አመኔታ ነበር፤ አበዳሪውም አንድ ቀን እንደሚጠይቅ ማንም አልነገረውም ነበር።

ችሮታና ዕዳ

እዚህ ላይ አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ሊቃወመኝ ይችላል፦ “ወንድሜ፣ ትኩሳት ያቃጠለው ሰው መድኃኒቱ የማን ዕዳ እንደ ሆነ ምን ያደርግለታል? ይዳን እንጂ! ያንተ ጥያቄ ለጠገበ ሰው ነው።” ተቃውሞው ቀላል አይደለም። በመንገድ ላይ ተደብድቦ የወደቀውን ሰው ያነሣው ሳምራዊ መንገዱን መጠበቅ የማን ኃላፊነት እንደ ነበር ሲመራመር አልቆመም። ዘይቱንና ወይኑን አፈሰሰ፤ ማደሪያውን ከፈለ። ነፍስ ለማዳን ፈቃድና ክርክር አይጠበቅም። መድኃኒት የያዘ ድርጅት “ይህ የመንግሥት ዕዳ ነው” ብሎ እጁን ቢያጥፍ ኃጢአት ነው።

ነገር ግን በዚያው መንገድ ላይ በየዓመቱ፣ በዚያው ወር፣ ሰው የሚወድቅ ከሆነስ? ያን ጊዜ ማንሣቱ ብቻ አይበቃም፤ “መንገዱን የሚጠብቅ የለምን?” ብሎ መጠየቅም የፍቅር ክፍል ይሆናል። ችሮታ ማለት የማይገባኝን ስቀበል ነው። ዕዳ ማለት የሚገባኝን ስቀበል ነው። ዜጋ ከመንግሥቱ የሚጠብቀው ንጹሕ ውኃ፣ ክትባት፣ ትምህርት ቤት፣ ጸጥታ ችሮታ አይደለም፤ ግብር ከፍሎበታል፣ ሕግ አክብሮበታል። ዕዳን እንደ ችሮታ የተቀበለ ሰው ሁለት ነገር ይማራል፤ ሲሰጡት መጎንበስ፣ ሲነሡት ዝም ማለት። ከእነዚህ ሁለቱ አመኔታ አይወለድም፤ ጥገኝነት ነው የሚወለደው።

ይህ እንደሚቻል ያሳየ ምሳሌ ከእኛ ብዙ አይርቅም። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ ምንነቱ ያልታወቀ ትኩሳት ሰው መግደል ጀመረ። በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር፤ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ወደ ቆላ ለሥራ ወርደው በተመለሱ ሰዎች ሳይመጣ እንዳልቀረ ይታመናል። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በአዲስ ዘመን የሕክምና ማዕከል አቋቋመ፤ በኋላም ሥራውን ለመንግሥት ጤና ተቋም አስረክቦ ወጣ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል አለ። ካላዛርና ኤች አይ ቪ በአንድ ላይ ላለባቸው ሕሙማን የትኛው ሕክምና እንደሚሻል የተጠናው በጎንደርና በአብደራፊ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው፣ የሐኪሞቹ ቡድንና ዲ ኤን ዲ አይ የተባለው የመድኃኒት ምርምር ድርጅት አብረው ሠሩት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው መመሪያም በዚህ ላይ ተደግፏል። የእኛ ቆላ ሕሙማን ለዓለም ትምህርት ሆኑ። እንዲህ ባለው ሥራ ውስጥ ድርጅቱ መንግሥትን አልተካም፤ መንግሥትም ድርጅቱን አልጋረደም። አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚረከበው እውቀት ቀረ።

የራሳችን ቤት

እኛ ወንጌላውያንም ከዚህ ጥያቄ ውጪ አይደለንም። አብያተ ክርስቲያኖቻችን የልማት ክንፍ አላቸው፤ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ የሕፃናት ፕሮጀክት ያካሂዳሉ። በ1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ዘመን፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ላከች። ለጋሾቹ ለልማት ፕሮጀክት እየሰጡ ለወንጌል ሥራ እጃቸውን ማሳጠራቸው ሰውን ለሁለት መክፈል እንደ ሆነ የሚያስረዳ ነበር። ደብዳቤው በሥነ መለኮት ዘንድ በጣም የታወቀ ነው፤ ለእኛ ርእስ ግን የሚጠቅመው ሌላ ነገር አለ። ተቀባይ የሆነችው ቤተ ክርስቲያን አመሰገነች፣ በዚያው እስትንፋስም ጠየቀች። መቀበል አፏን አልዘጋውም። እርዳታ የሚቀበል ሁሉ ሊማረው የሚገባ ድፍረት ይህ ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ንም አንብቡ። በየቀኑ በሚደረገው ስርጭት የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ችላ ስለ ተባሉ ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት አጉረምራሚዎቹን “እምነት የላችሁም” ብለው አልገሠጹም፤ ጉባኤው ራሱ መልካም ምስክር ያላቸውን ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ አደረጉ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። አመኔታው የተመለሰው በስብከት ብቻ አይደለም፤ ሚዛኑን ቅሬታ ላቀረቡት ሰዎች እጅ በማስረከብ ነው። ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጧቸው ወንድሞች አብረው እንዲሄዱ አደረገ። ጳውሎስ እንኳ “እኔን እመኑኝ” ካላለ፣ የትኛው ድርጅትና የትኛው ጽሕፈት ቤት ነው ያለ ምርመራ ሊታመን የሚገባው?

የወጣት ኅብረታችን ለተፈናቀሉ ወገኖች ልብስና እህል ሲሰበስብም ይኸው ሕግ ይሠራል። ስንት ተሰበሰበ፣ ለማን ተሰጠ፣ ምን ቀረ የሚለው በደጅ ላይ ይለጠፍ። ዕድር እንኳ የሟች ቤተሰብ ፊት ሒሳቡን ያነብባል። እኛ ከዕድር አንነስ።

ለነገው ሠራተኛና ለዛሬው ተቀባይ

በመንግሥት ቤት የምትሠሩ ወይም ልትሠሩ የምታስቡ፣ የናቃችሁ ሰው ይበዛል። ጎረቤታችሁ ያለው ድርጅት መኪና አለው፤ እናንተ ጓንት እንኳ ያጥራችኋል። በሰዓቱ የተከፈተች አንዲት የጤና ኬላ በር ግን ከብዙ መፈክር ይልቅ አመኔታን ታስገኛለች፤ በሰዓቱ መክፈት ደግሞ ለጋሽ አያስፈልገውም። ሰው ጥያቄ ይዞ ሲመጣ “ይህን ድርጅቶቹን ጠይቅ” ብላችሁ አትመልሱት። ጥያቄው ወደ እናንተ መምጣቱ ክብር ነው፤ ገና አልናቃችሁም ማለት ነውና።

በድርጅት የምትሠሩ፣ የሰሌዳችሁን ቀለም ከምታደምቁ ሰሌዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አብዙት። ገንዘቡ ከየት መጣ? የመንግሥት ድርሻ ምንድን ነው? ፕሮጀክቱ መቼ ያበቃል? ከዚያ በኋላ ማን ይረከባል? ቅሬታ ያለው ወዴት ይሂድ? ይህ የተጻፈበት ሰሌዳ ያለው ድርጅት ሲወጣም አይሰደብም። የመንግሥት ባልደረቦቻችሁንም በሕዝብ ፊት አታሳንሷቸው፤ እናንተ ነገ ትሄዳላችሁ፣ እነርሱ ይቀራሉ።

ሁላችንም ተቀባዮች ነንና፣ ሁለት ነገር አብረን እንልመድ። ድርጅቱን ከልብ እናመስግን፤ ማመስገን የክርስቲያን ወግ ነው። ከዚያም በቀበሌው ስብሰባ እጃችንን አውጥተን፣ ያለ ስድብና ያለ ፍርሃት እንጠይቅ፦ “በሚመጣው ክረምት ለሠራተኞቹ ምን ተዘጋጅቷል? የእባብ መድኃኒቱ አለ? በጀቱ ስንት ነው?” ስለ ባለሥልጣናት እንድንጸልይ ታዘናል። የሚጸልዩለትን ሰው መጠየቅ ደግሞ እርሱን መጥላት አይደለም፤ ሊለወጥ ይችላል ብሎ ተስፋ ማድረግ ነው። ፈጽሞ ያላመነ ሰው አይጠይቅም፤ ትቶ ይሄዳል።

ለአጨዳ የወረደው ያ ልጅ በሚቀጥለው ዓመትም ይመጣል። ሐኪሞቹን ማመስገኑ ተገቢ ነው። ግራር ሥር ለምን እንደሚያድር የሚጠይቅለት ግን ይፈልጋል፤ እርሱ ሥራ ላይ ነው፣ ስብሰባም አይጠራም። የዚህ አገር ነዋሪዎች እኛ ነን፤ ስብሰባውም የሚጠራው እኛን ነው።